በጣና ደሴት ላይ የቤተሰብ ልቦለድ አጻጻፍ፦ ሐዘኑን፣ ምስጢሩንና መሬቱን በአንድ ቋጠሮ ማሰር

አባት ይሞታል፤ ልጆች ለለቅሶ ይሰበሰባሉ፤ ተደብቆ የኖረ ነገር ይወጣል፤ መሬቱ ያጨቃጭቃል። ይህን ሐሳብ ይዞ የተጀመረ ብዙ ረቂቅ መቶኛው ገጽ ሳይደርስ ይቆማል። ሐዘኑ፣ ምስጢሩና መሬቱ ለየብቻ ስለሚጓዙ ነው። ሐዘኑ ዝም ብሎ ልቅሶ ይሆናል፤ ምስጢሩ መጨረሻ ገጽ ላይ የሚወርድ ዱብ ዕዳ ይሆናል፤ ደሴቱ ደግሞ እንደ ግድግዳ ሥዕል ከበስተኋላ ተሰቅሎ ይቀራል።

በጎጃምና በጎንደር አገር ሦስቱ ከጥንትም አንድ ነበሩ። በርስት ሥርዓት ሰው መሬት የሚጠይቀው ትውልዱን ከአቅኚው አባት ጀምሮ ቆጥሮ ነው፤ በአባቱም በእናቱም በኩል። ከዘር ቆጠራው አንድ ስም ከተሰወረ፣ ወይም የሌለ ስም ከገባ፣ አንድ መሬት ባለቤቱን ቀየረ ማለት ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ያለ ሰው «የት ታርሳለህ?» ማለቱም ነበር። ልቦለዱን ከዚህ ላይ ማቆም ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን ከጣና ደሴቶች ትልቁን ደቅን ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ታሪክ እንገነባለን።

ደረጃ 1፦ ቋጠሮውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ

ከሁሉ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሟች፣ ውሸትና መሬት አንድ ላይ ይኑሩበት፤ አንዱ ሲነሣ ሌሎቹ የሚፈርሱ መሆን አለባቸው። የእኛ ምሳሌ ይህ ነው፦

«በ1960 ዓ.ም. የአባትየው የመጀመሪያ ሚስት በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኑም ክርስትና ሳይነሣ ተከተላት፤ ርስቷ ወደ ወንድሞቿ እንዳይመለስ አባትየው ከባሕሩ ማዶ የአንዲት ድኻ ሴት ወንድ ሕፃን አምጥቶ፣ በአርባኛው ቀን በሟቹ ሕፃን ስም ክርስትና አስነሣው።»

አሁን ሞክሩት። መሬቱን አውጡት፤ አባትየው የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። ሞቱን አውጡት፤ የሚተካ ሰው የለም። ምስጢሩን አውጡት፤ የተለመደ የውርስ ጭቅጭቅ ብቻ ይቀራል። ዓረፍተ ነገራችሁ ይህን ፈተና ካላለፈ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አትሂዱ፤ ችግሩ በኋላ በቋንቋ ውበት አይሸፈንም።

ደግሞ የታሪክን ምጸት ተጠቀሙበት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት መሆኑ ሲታወጅ ርስት ቀረ። ሕፃኑ የመጣበት ምክንያት በሰባት ዓመቱ ዋጋ አጣ። ልጁ ግን በዚያ ጊዜ «አባዬ» እያለ ከብት ያግዳል። ውሸቱ ጥቅሙን ጨርሶ ፍቅር ሆኖ መቅረቱ የዚህ ልቦለድ ልብ ነው፤ ስትጽፉ ወደዚህ ደጋግማችሁ ተመለሱ።

ደረጃ 2፦ የመሬቱን ዶሴ ማዘጋጀት

ብዙ ጸሐፊ የሚሰንፈው እዚህ ነው፤ አንባቢ የሚይዘውም እዚሁ ላይ ነው። ለቤተሰቡ መሬት ብቻ አንድ ደብተር መድቡና አራት ዘመን ጻፉበት፦ እስከ 1967 የነበረውን ርስት፤ ከዚያ በኋላ በገበሬ ማኅበር የተደረገውን ድልድል፤ በአማራ ክልል በብዙ ቦታ በ1989 የተካሄደውን ሽግሽግ፤ በመጨረሻም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጣውን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር። በየዘመኑ ሦስት ጥያቄ መልሱ፦ ማን ተመዘገበ? የቤተሰቡ ቁጥር ስንት ተባለ? ማን ዋሸ? ምዝገባ በመጣ ቁጥር አባትየው ያንኑ ውሸት እንደ አዲስ መድገም ነበረበት። አንድ ጊዜ የተዋሸና አራት ጊዜ የተደገመ ውሸት በሰው ላይ የሚያሳድረው ሸክም አንድ አይደለም።

1989ን የምታስገቡ ከሆነ በመረጣችሁት ቀበሌ ሽግሽጉ በእርግጥ መካሄዱን ከአካባቢው ሽማግሌ ጠይቁ። በዚያ ጊዜ «ቢሮክራት» እና «ቅሪት ፊውዳል» ተብሎ መሬት የተቀነሰበት ሰው ቁስሉ ዛሬም አልሻረም፤ በግምት የሚጻፍ ጉዳይ አይደለም።

የይዞታ ደብተሩ ራሱ ጥሩ የልቦለድ ዕቃ ነው። የባልና የሚስት ስም ይሰፍርበታል፤ የማሳው አዋሳኞችም በአራቱ አቅጣጫ ይጻፋሉ። አባትየው ሲሞት ደብተሩን በፌስታል ተጠቅልሎ ከጎታው ሥር አስገኙት። የመጨረሻ ልጁ ያንብበው፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ እገሌ፣ በምዕራብ ባሕር። ይህች «ባሕር» የምትል ቃል ደሴቱን ከአሥር ገጽ የመልክዓ ምድር ገለጻ በላይ ትናገራለች።

መለኪያውን አታበላሹ። ገበሬው ሲናገር በሄክታር አይናገርም፤ በጥማድ ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ገደማ ይሆናል። ሄክታር የሚለው የወረዳው ባለሙያ ነው፤ ሁለቱ ሲነጋገሩ የቋንቋው ልዩነት ብቻውን ትዕይንት ይሠራል። ድንበር መግፋትም በአንድ ሌሊት አይሆንም። በየክረምቱ ግማሽ ትልም፣ ቀስ እያለ፣ የወሰን ድንጋዩ ሥር እስኪደርስ ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ከውጭ አገር ልቦለድ የሚቀዳው መጨረሻ ነው፦ ልጆቹ መሬቱን ሸጠው ይለያያሉ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። ይዞታ ይወረሳል፣ በስጦታ ይተላለፋል፣ ይከራያል። ዝርዝሩ የሚታየው ታሪኩ በሚካሄድበት ዓመት በሚሠራው የክልሉ አዋጅ ነው፤ ከ1998 ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 133፣ ከ2009 ወዲህ አዋጅ ቁጥር 252። ስለዚህ የእናንተ ባለታሪኮች ሸጠው መገላገል አይችሉም። እርስ በርስ ተያይተው መኖር ወይም አንዱ ለአንዱ መልቀቅ አለበት። ለጸሐፊ ይህ በረከት ነው።

ደረጃ 3፦ ደሴቱንና ውኃውን ማወቅ

ደሴት ሁሉ አንድ አይደለም። በደቅ ሰዎች ያርሳሉ፤ ዳጉሳ ይዘራሉ፤ በእቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ናርጋ ሥላሴም እዚያው ነው። አጠገቡ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ግን የገዳም ደሴት ነው፤ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት፣ ሴት የማትገባበት። ዘጌ ደግሞ ባሕረ ገብ ምድር ናት፤ በቃል ኪዳኗ መሠረት በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ኑሮው ቡና ነው። ዘጌ ላይ በሬ የሚጠምድ ገበሬ የጻፈ ሰው የአካባቢውን አንባቢ እዚያው ገጽ ላይ አጣው።

ገደቡን ለታሪኩ አውሉት። የአባትየው የንስሐ አባት ዳጋ ላይ ያሉ መነኩሴ ናቸው እንበል። ምስጢሩን የምታሳድደው ሴት ልጁ ናት። እስከ ወደቡ ትሄዳለች፤ ከዚያ በላይ አትችልም። ታናሽ ወንድሟ ሲወጣ እሷ ጀልባው ውስጥ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች። ወንድሟ ወርዶ የሚነግራትን ብቻ ነው የምታውቀው፤ የቀነሰውን አታውቅም።

ውኃውም በወር ይቆጠራል። ጣና የሚሞላው መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው፤ የሚጎድለው ግንቦትና ሰኔ። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ቢሆንም ዳርቻው ሜዳ በሆነበት ውኃው ብዙ ርቆ ይሸሻል። ያን ጊዜ የሚገለጠውን መሬት ሰዉ «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ ይዘራበታል፤ ይጣላበታልም። ደብተሩ ላይ «በምዕራብ ባሕር» ተብሎ የተጻፈው አዋሳኝ በግንቦት ሌላ ቦታ ነው፣ በመስከረም ሌላ ቦታ። ልጆቹ የሚጋጩበት መሬት ይህ ይሁን። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ እንቦጭ የተባለው የውኃ አረም መጥቷል፤ ታሪካችሁ ከዚያ በኋላ ከሆነ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ያለውን ባለታሪክ እንቦጭ እየነቀለ አሳዩት።

ስለ ጉዞ ሁለት ነገር ብቻ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ባሕሩን የሚያውቅ ሰው ጠዋት ይነሣል፤ ሬሳ ወይም ሕፃን የያዘ ሰው በቀትር ከተነሣ ያስገደደው ነገር አለ ማለት ነው። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣች ትከብዳለች፤ ከጉዞ በኋላ ወጥታ ትደርቃለች። በ1960 ሕፃኑን ያመጣችው ታንኳ ጠዋት እርጥብ ሆና በመገኘቷ አንድ ሰው በሌሊት የተሻገረ እንደነበር ሊያውቅ ይችላል።

ታንኳውን የሚሠራው በጣና ዳርቻ ከሚኖረው ከወይጦ ሕዝብ ከሆነ ሙሉ ሰው አድርጉት፤ ስም፣ ቤተሰብ፣ የራሱ ሐሳብ ይኑረው። ይህ ሕዝብ በጎረቤቶቹ ለረጅም ዘመን ተገልሎ ኖሯል። «ምስጢሩ እናቱ ወይጦ መሆኗ ነው» የሚል ታሪክ፣ ጸሐፊው ባያስበውም፣ ያንኑ መገለል እንደ ነውር ደግሞ ይጽፈዋል። ከዚህ ራቁ።

ደረጃ 4፦ የሐዘኑን ቀን መቁጠር

የልቦለዱን አጥንት ራሱ ሐዘኑ ይሰጣችኋል፦ ቀብር፣ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። አምስት ጊዜ ሰው በግድ ይሰበሰባል። የተጣሉ ሰዎችን አንድ ቤት ለማስገባት ሌላ ሰበብ መፈለግ አያስፈልግም።

ቀኑን ግን በወረቀት ላይ ቁጠሩ። አባትየው የካቲት 20 ቀን 2010 ዓ.ም. ሞተ እንበል። የሞተበትን ቀን አንድ ብለን ስንቆጥር ሠልስቱ የካቲት 22፣ አርባው መጋቢት 29፣ ሰማንያው ግንቦት 9 ይሆናል። አሁን የዚያን ዓመት ባሕረ ሐሳብ ተመልከቱ። ፋሲካ መጋቢት 30 ነበር፤ ስለዚህ አርባው ቀዳም ሥዑር ላይ ዋለ። ሰንጋ አይታረድም፤ የሰሙነ ሕማማት ሥርዓት ስለሆነ ፍታትም የለም፤ ቤተሰቡ ተዝካሩን ወደ ሌላ ቀን ማዞር አለበት። ማን ይወስናል? ትልቁ ልጅ ነው። ይህን ሳያይ የአርባ ድግስ ላይ ጥሬ ሥጋ የሚያስቆርጥ ጸሐፊ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም። ሰማንያው ደግሞ ከዕርገት ጋር ይገጥማል፤ ጾም የለም፤ ባሕሩም የሚጎድልበት ወቅት ነው። የባሕር ሸሹ ጠብ የሚፈነዳው እዚህ ይሁን።

አርባ ቁጥር በዚህ ታሪክ ሁለት ጊዜ እንደሚመጣ አስተውሉ። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው። የመጀመሪያው ሕፃን ያችን ቀን ሳያይ ስለሞተ ፍታት አልተደረገለትም፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አልተቀበረም፤ ማንም አላለቀሰለትም። የአባት አርባ ሲወጣ የሕፃኑ አርባ እንዳልወጣ የሚያውቅ አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ይቀመጥ። ይህን ግንኙነት በቃል አታስረዱ። አንባቢ ራሱ ይቁጠር።

ሴት ልጅየዋ ሪያድ ወይም ቤሩት ከሆነች መርዶውን አስቡበት። እኛ ዘንድ ሞትን ለጊዜው መደበቅ ነውር አይደለም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አጽናኝ ተዘጋጅቶ፣ ማለዳ ላይ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ልጅቱ አባቷ ከሞተ አሥር ቀን አልፎት በስልክ «ትንሽ አሞታል» ትባላለች። ይህን በደግነት የተደረገ ድብቅ ነገር መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አድርጉት። ኋላ ትልቁ ምስጢር ሲወጣ «እናንተ ሁልጊዜ ለእኔ ስትሉ ነው የምትደብቁት» ብላ የምትጮህበት ምክንያት ይኖራታል።

ደረጃ 5፦ ማን ምን ያውቃል

አንድ ገጽ አራት ዓምድ አድርጋችሁ ስመሩ፦ ሰው፣ የሚያውቀው፣ ካወቀ ስንት ጊዜው፣ ቢናገር የሚያጣው። ሙሉውን የሚያውቁ ከአራት አይብለጡ። በእኛ ታሪክ አዋላጇ፣ ታንኳ ቀዛፊው፣ የንስሐ አባትና ማዶ ያለችው ወላጅ እናት ናቸው። ቢበዙ መንደሩ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው፤ ያኔ ልጁ ሃምሳ ዓመት ሳይሰማ መኖሩን ማንም አያምንም።

የንስሐ አባት ምስጢር አያወጣም። መነኩሴው ለልጆቹ ሁሉን ዘርዝረው እንዲናገሩ ማድረግ ቀላል መንገድ ነው፤ ግን ባለታሪኩን ይገድለዋል። ከእሳቸው የሚገኘው በአፍ የማይነገር ምልክት ብቻ ይሁን፦ የሰጡት ቀኖና። አባትየው በየዓመቱ ከአዝመራው ሁለት ቁና ዳጉሳ ይዞ ማዶ ይሻገር ነበር፤ ቤተሰቡ ስለት ነው ብሎ ያስብ ነበር።

ምስጢሩ ከመውጣቱ በፊት አምስት ያህል ምልክት ዝሩ፤ ሦስቱን አንባቢ በሌላ ይተርጉማቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት መሬቱ ላይ ያለ ነው። ማሳው ጥግ አንዲት ዋንዛ አለች፤ አባትየው ሥሯን አርሶ አያውቅም። ልጆቹ ለጥላዋ ብሎ ነው ይላሉ። ሕፃኑ የተቀበረው እዚያ ነው።

ሁለት አጻጻፍ አወዳድሩ፤ ወሰኑ የምንለው ተተኪውን ታላቅ ልጅ ነው። አንደኛው፦

«ወሰኑ በአባቱ ሞት ልቡ በሐዘን ተሰበረ። ደሴቱም አብራው ያዘነች ትመስል ነበር።»

ሁለተኛው፦

«ዋንዛዋ ጋ ሲደርሱ በሬዎቹ ሳይነገራቸው ወደ ቀኝ ታጠፉ። ወሰኑ እርፉን ጫን አድርጎ ሊመልሳቸው ሞከረ። እምቢ አሉ። አባቱ ያስለመዷቸው መንገድ ነበር።»

የመጀመሪያው የትኛውም ደሴት ላይ፣ በየትኛውም ሞት ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛው ሟቹን፣ መሬቱንና ምስጢሩን በአራት አጭር ዓረፍተ ነገር ይዟል፤ «ሐዘን» የሚል ቃልም የለበትም።

ደረጃ 6፦ ስም፣ አጠራርና ሙሾ

የአማርኛ ስም ግማሽ ታሪክ ነው። ምትኩ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ የሚባል ልጅ ብዙውን ጊዜ ከእሱ በፊት የጠፋ ሰው አለ። በዚህ ታሪክ ግን ተተኪው ልጅ ከእነዚህ አንዱን ሊይዝ አይችልም፤ ስሙ መተካቱን ያጋልጣል። ስለዚህ «ወሰኑ» አልነው፤ ለምን እንደሆነ ሙሾው ላይ ይታያል።

አጠራሩንም በጥንቃቄ ያዙ። ታላቁ ልጅ እስከ ቀብሩ ቀን በመንደሩ ሽማግሎች «አንተ» ሲባል የኖረ ነው። ከሠልስት በኋላ «አንቱ» ይሉታል፤ የአባቱን ቦታ ያዘ። ምስጢሩ ከተሰማ በኋላ አንዱ የእናት ወገን ድንገት ወደ «አንተ» ይመልሰው። ስድብ አያስፈልግም። ሁሉም ሰምቶታል።

ሙሾ አውራጇ ስለ አባትየው ማንም የማይለውን ማለት የምትችል ሰው ናት፤ ሰምና ወርቅ ይጠብቃታል። ግጥሙን ከመጽሐፍ አትቅዱ፤ ለታሪካችሁ ራሳችሁ ግጠሙ። የወል ቤት በሚባለው የግጥም ምት፣ ስድስት ስድስት ቀለም እያደረጋችሁ፦

መሬቱን በሙሉ ቆጥሮ አስረከበና፣
ወሰኑን ሳይነግረን ተሻገረ ጣና።

ሰሙ ድንበሩን ሳያሳየን ሞተ የሚል ነው፤ ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ ይቀበላል። ወርቁ ወሰኑ ማን እንደሆነ ሳይነግረን ሞተ ነው። ወሰኑ ራሱ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ይሰማል፤ ቀና ብላ የምታየው አዋላጇ ብቻ ናት። ግጥሙን በቀብሩ ምዕራፍ አስገቡና ፍቺውን ቢያንስ እስከ ሰማንያው አቆዩት። በሙት ዓመቱ ስትደግመው ሁለተኛ ማብራሪያ አትስጡ።

ደረጃ 7፦ ምዕራፍ መደልደልና ረቂቁን ማረም

በተለመደው የመጽሐፍ መጠን አንድ ገጽ 250 ቃል ገደማ ይይዛል። ለ280 ገጽ 70,000 ቃል፣ ማለትም 2,500 ቃል ያላቸው 28 ምዕራፎች ያስፈልጋሉ። ከሞት እስከ ሠልስት 6፤ እስከ አርባ 8፤ እስከ ሰማንያ 6፤ እስከ ሙት ዓመት 8 አድርጉ። ወደ 1960 የሚመለሱ ምዕራፎች ከአራት አይብለጡ፤ እያንዳንዱም ከአንድ ዕቃ ይነሣ፦ ከታንኳዋ፣ ከደብተሩ፣ ከቁናው፣ ከዋንዛዋ። ባለታሪኩ «ወደ ኋላ በሐሳብ ነጎደ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ምዕራፉን ሰርዙና ዕቃውን ፈልጉ።

ምስጢሩ ሙሉ በሙሉ የሚወጣው ሃያኛው ምዕራፍ ላይ፣ በሰማንያው ይሁን። መጨረሻ ላይ ካስቀመጣችሁት ከታወቀ በኋላ ሰዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ የምትጽፉበት ቦታ አይኖራችሁም፤ አንባቢ ደግሞ የሚፈልገው ያንን ነው። በ2010 የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አቅኚ አባትን አይጠይቅም፤ ደብተሩ ላይ ያለውን ስም ነው የሚያየው። ስለዚህ የቀሩትን ስምንት ምዕራፎች የሚሸከመው የሕግ ክርክር ሳይሆን ሌላ ነው፦ ወሰኑ ማዶ ላለችው እናቱ ሁለቱን ቁና ዳጉሳ አሁን ማን ብሎ ይዞ ይሻገራል? ወንድምና እህቶቹ ታላቃችን ማለታቸውን ይቀጥላሉ? ያልተለቀሰለት ሕፃንስ?

ረቂቁ ሲያልቅ ሁለት ወር አስቀምጡት። ከዚያ ሦስት ጊዜ አንብቡ፤ አንዴ ቀንና ወር ብቻ እያያችሁ፣ አንዴ መሬትና ውኃ ብቻ፣ አንዴ አንተና አንቱ ብቻ። ሦስቱን በአንድ ንባብ ለማረም የሞከረ ሁሉ አንዱን ያመልጠዋል። የለቅሶ ምዕራፎቹን ለአንድ የጎጃም ወይም የጎንደር እናት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ «እንዲህ አይባልም» ያሉበትን መስመር በዚያው ቀን አስተካክሉ።

የመጨረሻው ትዕይንት የካቲት 20 ቀን 2011 ነው። ሙት ዓመቱ ወጥቷል፤ ሰዉ ተበትኗል፤ ባሕሩ መሸሽ ጀምሯል። ወሰኑ በሬዎቹን ጠምዶ ወደ ዋንዛዋ ይሄዳል። ይረሳት ወይስ ዞሮ ይለፍ? የእናንተ ውሳኔ ነው፤ ግን እጁ እርፉ ላይ ሳለ ጻፉት፤ ያሰበውን አትጻፉ።